ሁለት ሰዓት ላይ የታየችው ወፍ

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ነበርኩ። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ የወጨጫ ተራራን ይዞ የሚገኝ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገርለታል። የእግር መንገዱ ከክረምቱ ዝናብ ገና አልደረቀም። ከላያችን ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ።

የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ስለነበር አጠፋሁትና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ። ብዙም ሳንሄድ ላባዋ አረንጓዴ፣ ፊቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ ስትበር ደግሞ ክንፏ ውስጥ ደማቅ ቀይ ብልጭ የሚል ወፍ ከጥድ ወደ ጥድ ተሻገረች። ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ነበረች። ወዲያው ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ደብተሬ ላይ «ቱራኮ፣ 2፣ ጥቅምት 9፣ 2፡15» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን 19 ዓይነት ወፍ መዝግበን ተመለስን።

ማታ ቤት ገብቼ የጻፍኩትን ሁሉ ወደ አንድ ዓለም አቀፍ የወፍ መመዝገቢያ አስገባሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ መረጃ ከሚያጣሩት በጎ ፈቃደኞች አንዱ መልእክት ላከልኝ። በጨዋነት የተጻፈ ነው፤ ይዘቱ ግን ባጭሩ «በእርግጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደን ውስጥ ነበርክ?» የሚል ነበር።

ለካ 2፡15ን እንዳለ ነው ያስገባሁት! የእኛ ጠዋት 2፡15 በውጭ አቆጣጠር 8፡15 ነው። ኮምፒውተሩ ግን 2፡15 ሲባል የሚገባው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ልመልስ ብዬ መዝገቡን ስከፍት ደግሞ የባሰ አየሁ። «ጥቅምት 9»ን «ኦክቶበር 9» ብዬ ነበር ያስገባሁት፤ ያ ቅዳሜ ግን ኦክቶበር 19 ነው። በመዝገቡ መሠረት መናገሻ የሄድኩት ከእውነተኛው ቀን 10 ቀን ቀድሜ፣ በድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት ነው።

እኔ የምማረው ምህንድስና ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የምውለው የሴንሰር ንባብ ላይ የሰዓት ማህተም ትክክል መሆኑን ሳረጋግጥ ነው። ስለዚህ አፈርኩ። ግን ከእፍረቱ ጋር ጥያቄም መጣ። ተራ ሰው በእግሩ እየሄደ ያየውን እንስሳ መጻፉ ከመቼ ጀምሮ ነው ሳይንስ የሆነው? እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

የማርሻም ፀደይ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ኖርፎክ በሚባል አውራጃ፣ ሮበርት ማርሻም የሚባል ባለ ርስት ነበር። ዛፍ ይወዳል፤ ሙያዬ ሳይንስ ነው የሚል ሰው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1736 በርስቱ ላይ የፀደይን ምልክቶች መመዝገብ ጀመረ። የኦክ ዛፍ መጀመሪያ ቅጠል ያወጣው መቼ ነው? ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለችው ስዋሎው የምትባለው ወፍ የታየችው መቼ ነው? እንቁራሪቶች መጮህ የጀመሩትስ? በየዓመቱ አጠገቡ ቀኑን ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1789 መዝገቡ በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ታተመ። እሱ ከሞተ በኋላ ዘሮቹ ተቀብለውት እስከ 1958 ድረስ አደረሱት።

ማርሻም ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች የሙቀት መጠን ሲጨምር ዛፍና አበባ ምን ያህል እንደሚቸኩሉ ለማወቅ ሲፈልጉ የሄዱት ወደዚያ ቤተሰብ መዝገብ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚሸፍን መረጃ በቀላሉ አይገኝማ።

እዚህ ላይ እኔን ያስደነገጠኝ ነገር አለ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ቀይራለች። በዚያ ዓመት ሰዎች ሴፕቴምበር 2 ማታ ተኝተው ሲነሱ ሴፕቴምበር 14 ሆኖ ጠበቃቸው፤ 11 ቀን ተዘለለ። ማርሻም የጀመረው ግን ከዚያ 16 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ በአሮጌው አቆጣጠር «ኤፕሪል 10» ብሎ የጻፈው ቀን በአዲሱ ኤፕሪል 21 ነው።

ይህን ሳያስተካክል ቁጥሮቹን ዝም ብሎ ግራፍ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ምን ያገኛል መሰላችሁ? ከ1752 በፊት ፀደይ በየዓመቱ 11 ቀን ቀድሞ ይገባ ነበር፣ ከዚያ በኋላ በድንገት ዘገየ የሚል ግኝት! ዛፉ ምንም አልሆነም፤ የተቀየረው የቀን መቁጠሪያው ነው። የእኔ የ10 ቀን ስህተትም ከዚህ ጋር ወንድማማች ናት። ልዩነቱ የማርሻም መዝገብ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት ስለሆነ ከ200 ዓመት በኋላም ሊታረም መቻሉ ነው።

ከጠመንጃ ወደ እርሳስ

ማርሻም ብቻውን ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢመዘግብስ? እ.ኤ.አ. በ1881 ዌልስ ኩክ የተባለ አሜሪካዊ በአዮዋ ግዛት ያሉ ወፍ ወዳዶችን «ተጓዥ ወፎች አካባቢያችሁ የሚደርሱበትን ቀን ጻፉልኝ» ብሎ ጠየቀ። ሥራው አድጎ በመላው አገሪቱ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲዘጋ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ በእጅ የተጻፉ ካርዶች ተከማችተው ነበር። ካርዶቹ ለዓመታት በሳጥን ከተቀመጡ በኋላ፣ በእኛ ዘመን ምስላቸው ተነሥቶ እንደገና በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት እያነበቡ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመሩ። የጻፈውም ተራ ሰው፣ ያነበበውም ተራ ሰው ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በሰሜን አሜሪካ አንድ መጥፎ ልማድ ነበር። በገና ሰሞን ወንዶች በሁለት ቡድን ተከፍለው ጠመንጃ ይዘው ይወጣሉ፤ ብዙ የገደለ ያሸንፋል። ወፍ ይሁን ሌላ እንስሳ ግድ አይሰጣቸውም፤ የሚቆጠረው ሬሳው ነው። በኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራው ፍራንክ ቻፕማን ይህ አላስደሰተውም። በሚያዘጋጀው «በርድ ሎር» መጽሔት ላይ አዲስ ጨዋታ አቀረበ፤ ውድድሩ ይቅር አላለም፤ ሳንገድል እንቁጠር ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1900፣ በእኛ አቆጣጠር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ታኅሣሥ 16 ቀን 1893 ዓ.ም.፣ 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጥተው ቆጠሩ። ወደ 90 የሚሆኑ የወፍ ዓይነቶች አገኙ። ቆጠራው ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የሚሳተፈው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር የሚጎላው ጠመንጃው በእርሳስ መተካቱ ነው። እኔ ግን የወደድኩት ቻፕማን ለተሳታፊዎቹ የሰጠውን መመሪያ ነው። የወፎቹን ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት ከላይ ቦታውን፣ የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የነፋሱን አቅጣጫና ኃይል፣ የሙቀቱን መጠን ጻፉ አላቸው። ከዚያ ወፉ፣ ከተቻለም ብዛቱ።

ለምን ይህን ሁሉ? በአንድ ሰዓት 40 ወፍ ያየና በ8 ሰዓት 40 ወፍ ያየ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አላዩም። ነፋስ ሲበዛ ወፎች ይደበቃሉ፤ ቆጣሪውም ድምፃቸውን አይሰማም። ሰውየው የመለኪያ መሣሪያ ነው ብላችሁ አስቡ። መሣሪያው በምን ሁኔታ እንደለካ ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም።

50 ማቆሚያ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ

ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1966 በሰሜን አሜሪካ የተጀመረው የመራቢያ ወቅት የወፍ ቆጠራ ነው። አሠራሩን ሳነብ የመሐንዲስ ልቤ ደስ አለው። እያንዳንዱ መስመር 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆጣሪው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጀምራል። በየ800 ሜትሩ ይቆማል፤ በጠቅላላው 50 ጊዜ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ በትክክል ለሦስት ደቂቃ ያየውንና የሰማውን ይቆጥራል። ሦስት ደቂቃው ካለቀ በኋላ ብርቅ ወፍ ከፊቱ ብትቀመጥ እንኳ አትቆጠርም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሰሞን፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ማቆሚያ ይደገማል።

አሰልቺ ነው አይደል? ግን ተመልከቱ ምን እንዳወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እነዚህን ቆጠራዎች አንድ ላይ አድርጎ አሰላ። በአሜሪካና በካናዳ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ ጎድሏል፤ ከነበረው 29 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። የአየር ሁኔታ ራዳሮች ሌሊት የሚጓዙ ወፎችን መንጋ ስለሚያነሱ የራዳሩንም መረጃ አዩ። እሱም መቀነሱን አሳየ። ሁለት የማይተዋወቁ መሣሪያዎች አንድ ነገር ሲናገሩ ማመን ይቀላል።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ከጎደሉት አብዛኞቹ ብርቅዬዎች አልነበሩም። እንደ ድንቢጥ ያሉ፣ ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያያቸው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ነበሩ። ሰው የሚጽፈው ብርቁን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ኪሳራ ሳይታወቅ ያልፍ ነበር።

ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም

ዛሬ ሥራው በስልክ ሆኗል። ኢበርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀመረ፤ ለወፍ ብቻ ነው። አይናቹራሊስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የሚማሩ ሦስት የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ተወለደ፤ ከነፍሳት እስከ ዛፍ ሁሉንም ይቀበላል። ፎቶ ስታነሱ ስልኩ ራሱ ሰዓቱንና ቦታውን ይይዛል። ባትሪዬ ቢኖር ኖሮ እኔም አልሳሳትም ነበር።

ኢበርድ ዝርዝራችሁን ስትልኩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃችኋል፦ ይህ የለያችኋቸው ወፎች ሁሉ የተሟላ ዝርዝር ነው ወይስ የመረጣችሁትን ብቻ ነው የጻፋችሁት? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ትልቅ ነው። ሴንሰር «0» ብሎ ሲያነብና ሴንሰሩ ጠፍቶ ምንም ሳያነብ ሲቀር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ዝርዝሬ የተሟላ ነው ካልኩ፣ ያልጻፍኳት ወፍ ሁሉ «ፈልጌ አላገኘኋትም» ማለት ትሆናለች። ያም መረጃ ነው። አንድ ወፍ ከአንድ ደን እየጠፋች መሆኑን የሚነግረን የእነዚያ «አላየሁም»ች መደጋገም ነው። ስለዚህ ደን ሄዳችሁ ምንም አዲስ ነገር ሳታዩ ከተመለሳችሁ ቀኑ ባከነ አትበሉ።

ከነጭ ሣር የመጣ አንድ ክንፍ

«ይሄ ሁሉ ወፍ ቆጣሪ በሞላበት አገር ነው፤ ለኛስ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ፣ ይህን ታሪክ ይስማ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የተመራማሪዎች ቡድን አርባ ምንጭ አጠገብ በሚገኘው ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን እንስሳ ይመዘግብ ነበር። መንገድ ላይ ሞታ የተጨፈለቀች ወፍ አገኙ። ናይትጃር ከሚባሉት፣ ቀን አድፍጠው ሌሊት ከሚበሩት ወፎች አንዷ ነበረች። ከእሷ ሊወስዱት የቻሉት አንድ ክንፍ ነው። ክንፉ ከሚታወቁት ናይትጃሮች ከማንኛቸውም ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። በሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ያለው «ሶላላ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ብቸኛ ክንፍ እንደማለት ነው።

አስቡት። ያ ክንፍ ቀኑና ቦታው ሳይጻፍ ሳጥን ውስጥ ቢጣል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ላባ ነዋ! ወፊቱ የነጭ ሣር መሆኗን የነገረን አጠገቡ የተጻፈው ነው።

ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ባለበት አገራችን የምናውቀው ብዙ ነገር የተሰበሰበው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የጆን አሽና የጆን አትኪንስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች አትላስ አገሩን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ የትኛው ወፍ የት እንደታየ ያሳያል። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ቆሞ የጻፈ ሰው ነው። ነጥብ የሌለበት ቦታ ወፍ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ጽፎ ያሳወቀ ሰው የለም ማለትም ሊሆን ይችላል። እናንተ ያላችሁበት ወረዳ ምናልባት ከእነዚህ አንዱ ነው።

አያቴና አደይ አበባ

መመልከትማ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ሰው «የመስቀል ወፍ» የምንለው ወፏ በመስከረም እንደምትደምቅ አያቶቻችን ስላዩ ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ ክረምቱ እንዳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። ማርሻም የኦክ ዛፍ ነበረው፤ እኛ አደይ አለን።

ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገችው አያቴ ሁልጊዜ «በእኛ ጊዜ አደይ ለእንቁጣጣሽ ይደርስ ነበር፤ አሁንማ ዘገየ» ትላለች። አንድ ቀን «በየትኛው ዓመት ነው መዘግየት የጀመረው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። «አበባ ስቆጥር የኖርኩ መሰለህ እንዴ ልጄ?»

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ተለዋውጦ አበባው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የልጅነት እንቁጣጣሽ በሰው ትዝታ ውስጥ ሁልጊዜ በአበባ የተሞላ ስለሆነ ይሆናል። እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ምክንያቱም በቤታችን ማንም ቀኑን አልጻፈም። ሰማንያ ዓመት በዓይን የታየ ነገር ለመጠየቅ ስንሞክር እጃችን ላይ የለም። ይህ የሚያስቆጨኝ ከቱራኮዋ ሰዓት ይበልጣል። የተሳሳተ ሰዓት ይታረማል፤ ያልተጻፈ ግን በምን ይታረማል?

ስለዚህ አብሯት የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ሥራ ሰጠሁት። ስምንተኛ ክፍል ነው። ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ጉብታ ላይ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በየማለዳው ይወጣል። መጀመሪያ የተከፈተውን አደይ ያየበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋል። ወጥቶ ያላየበትንም ቀን «የለም» ብሎ ይጽፋል። እስካሁን ሦስት ዓመት ይዘናል፦ ጳጉሜን 2፣ መስከረም 1፣ ጳጉሜን 4። ከሦስት ነጥብ ምንም መደምደም አይቻልም፤ አያቴ ግን አሁን «ዘንድሮ ስንት ሆነ?» ብላ ራሷ ትጠይቃለች።

እናንተም መጀመር ብትፈልጉ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው፤ ስልክ ካለ ደግሞ ይቀላል። ሩቅ ደን ድረስ መሄድ የግድ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የወንዝ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይበቃል። አንድ መንገድ ምረጡና ደጋግማችሁ ሂዱበት። ምን አያችሁ፣ ስንት፣ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፤ እነዚህን ጻፉ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ሰዓቱ የኛ ይሁን የውጭ አጠገቡ ይጻፍ። ስሙን የማታውቁትን «አላወቅኩትም» ብላችሁ መልኩን ግለጹ፤ በግምት ስም አትስጡ። ቁራና ድንቢጥንም አትዝለሉ።

የቱራኮዋን መዝገብ አስተካክያለሁ፤ አሁን ኦክቶበር 19፣ ጠዋት 8፡15 ይላል። ደብተሬ ላይም ከ«2፡15» ጎን «ጠዋት፣ በእኛ» የሚሉ ሁለት ቃላት ጨምሬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በጻፍኩ ቁጥር እነሱን አልረሳም።